ቀይዋን መብራት ስላስነቀሉልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የትራንስፖርት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ደህና መሆንዎን ግን ሳቅዎ ከቢሮዎ እስከ ግቢው በር ስለሚሰማ አልጠራጠርም። እኔ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ባለቤቴን ደግፌ በአሮጌው የሕሙማን ሚኒባስ የምመላለስ ሴት ነኝ። ከሾፌሩ ጎን ስለምቀመጥ ሳልፈልግ ያየሁት ብዙ ነውና፣ ውለታዎን በአደባባይ ላመሰግን ተነሳሁ።

፩ኛ፤ የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ የምትበራው ቀይ መብራት አልጠፋ ስትል፣ ቀስበሉ የምንለው ሾፌራችን ዘይቱ ሙሉ መሆኑን አይቶ ግራ ቢገባው ወደ እርስዎ መጣ። እርስዎም ሕሙማን እንዳይደነግጡ አስበው አምፖሏን አስነቀሉልን። እግዜር ይስጥልን፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልደነገጠም።

፪ኛ፤ ሞተሩ ከሥሩ መንኳኳት ሲጀምር መካኒኩ፣ ጥፋቱ የዘይት ፓምፑ ይሁን፣ የውስጥ ዕቃው መበላት ይሁን ወይስ መብራቷ ዋሽታ እንደሆነ ለመለየት፣ ግፊቱ በመለኪያው፣ በጌጁ ይለካ ብሎ ለመነ። ጌጁ ግን የንብረት ቆጠራ እስኪያልቅ እንዳይነካ ተብሎ፣ ከነፕላስቲኩ ቁምሳጥንዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። አዲስ ዕቃ በሥራ እንዳይቆሽሽ እንዲህ የሚንገበገብ ኃላፊ ከየት ይገኛል! በምትኩ ወፈር ያለ ዘይት እንዲጨመር አዘዙ፤ ድምፁ ለጊዜው ረገብ ቢል የአስታማሚዎችን ስብሰባ ጠርተው ችግሩ መፈታቱን አበሰሩን። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄን ይቁረጠው።

፫ኛ፤ ለእጥበት ስንሄድ ሞተሩ ዳገት ላይ ነክሶ፣ ድርቅ ብሎ ቆመ። ቀስበሉ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢለማመጠው፣ ቢሰድበው፣ ወይ ፍንክች! ባለቤቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጥበቱ እንዳለፈው እያወቀ፣ እኔን አይዞሽ ይለኝ ነበር። አንዴ ባለመኪና ጎረቤት ተለምኖ ለእጥበት አደረሰን፤ በየጊዜው ግን ማን ይለመናል? ሌላ መኪና ይመደብልን ብንል ከቢሮዎ ጥናት ላይ ነው ተባልን። ሐኪሙ እጥበቱ ከተቋረጠ ውኃ ሳንባው ላይ እንደሚወጣ አስጠንቅቆናል፤ ይኸው እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም፣ ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔም ትራስ ደራርቤ ከማስደገፍ በቀር የማደርገው ጠፍቶኛል።

ተስፋ አለኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እርስዎ ግን ስለኛ ብለው አይጣደፉ፤ ጥናት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ ከእርስዎ ዘንድ ሞልቷል።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎችዎ የሞቀ ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

የፊት ወንበር ተሳፋሪዎ የነበርኩት፣ የበሽተኛው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለቤቴ እርስዎ እንዳይቀየሙን ፈርቶ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ሲለምነኝ ነው የሰነበተው። ከትናንት ጀምሮ ግን መለመን አቅቶታል።