አሥራ ሰባት ኪሎ አሸዋ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ የሰጡሽ ቅባት ረዳሽ? መነጽር እንደለወጥሽ እህቴ ነግራኛለች። ክር በአንድ ሙከራ መርፌ ውስጥ አስገባች ብላ ስትስቅብሽ ነበር፤ እሷ ራሷ በሃያ ስድስት ዓመቷ በሦስት ሙከራ አታስገባም። የስፌት መኪናሽ መርገጫ መንጫጫቱን ካልተወ ከሥር ያለችው ብሎን ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጊባት። ሁለት ብቻ፤ አንቺ ዘይት ስታፈሺ እጅሽ መቆሚያ የለውም። እኔ ደህና ነኝ።

ስልክ ትቼ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ታናሼም ከጎኔ ቆሞ ይጠብቅና ይቀማኛል። ከዚያ በኋላ ወሬው የሱ ነው። ያስቅሻል፣ ስቀሽ ትዘጊያለሽ። አሁን ዱባ የለም፤ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል፣ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ያወጣሽለት ስም እዚህ ጋራዥ ድረስ ተከትሎት እንደመጣ ታውቂያለሽ፤ ደንበኛው ሁሉ ዱባ ነው የሚለው። ሲወለድ አራት ኪሎ ተኩል ነበር፣ አዋላጇ እንኳን ደነገጠች እያልሽ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስታወሪ እሱ በኩራት ሆዱን ይነፋ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤሽ ለእህታችን ሰርግ ለሁለታችንም ሙሉ ልብስ እንደምትሰፊ ጽፈሽ ልካችንን ጠይቀሻል። የኔን ከታች አስፍሬዋለሁ። የሱን ከመጻፌ በፊት ግን ስለ መኪና ላወራሽ ነው። ስለ ብረት ብቻ ነው የምጽፍልሽ። ሌላ ነገር መጻፍ አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሺበት ትረጂኛለሽ።

ባለሁለት ወንበሯን ቀይ መኪና አልረሳሻትም። ፎቶዋን ስንልክልሽ ልጅ ስትወልዱ የት ልታስቀምጡት ነው ብለሽ ነበር። እኔ እጠግናታለሁ፣ ዱባ ይነዳታል፤ በዓመት አራት ጊዜ ከኛው ዓይነት እብዶች ጋር ይወዳደርባታል። ዘንድሮ ኩርባ ላይ መሬት ቆንጥጣ እንድትታጠፍ ብለን ስታቢላይዘሯን ለወጥን። ስታቢላይዘር ማለት ከሥሯ ተጋድሞ የግራ እግሯን ከቀኙ ጋር የሚያያይዝ ብረት ነው። መኪና ስትታጠፍ ገላዋ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ያ ብረት እየተጠመዘዘ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ቀሚስ ወገብ ላይ እንደምታስገቢው ላስቲክ አስቢው፤ ከሳሳ አይዝም፣ ከጠነከረ ያንቃል። የፊቱ ሲወፍር መኪናዋ መሪ አልሰማም ትላለች። የኋላው ሲወፍር ቶሎ ትታጠፋለች፣ ከበዛ ግን ጅራቷ ቀድሟት ይሄዳል። እኛ የኋላውን ከሃያ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ሃያ አምስት አሳደግነው። ሦስት ሚሊሜትር ምን ለውጥ ያመጣል እንዳትይኝ፤ ሦስት ሚሊሜትር አንገትጌ ላይ ምን እንደምትሠራ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ይህን ብረት ለመግጠም አንድ ሕግ አለው። የመጨረሻዋ ብሎን የምትገባው መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ ቆማ፣ ነጂውም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። በጣት ተገፍታ መግባት አለባት። በመዶሻ ከገባች መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ብረቱ ተጠምዝዟል ማለት ነው፤ ወደ አንዱ ጎን አምሮባት ትታጠፋለች፣ ወደ ሌላው ታኮርፋለች። ዱባ ደግሞ አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ መቀመጥ የማይችል ፍጡር ነው። ስለዚህ የዛሬ አራት ዓመት ሦስት ከረጢት አሸዋ ሞላሁ፤ ሰባ አራት ኪሎ፣ ልክ የሱን ክብደት። በቀይ ቀለም ዱባ ብዬ ጻፍኩባቸውና በሱ ፈንታ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አስርላቸው ጀመር። ከአንተ ይሻላሉ፣ ሬዲዮ አይነካኩም እለዋለሁ።

አዲሱን ብረት የገጠምኩት በከረጢቶቹ ነው። ብሎኗ በትንሿ ጣቴ ገባች። ዱባ ነድቶ ተመለሰና ወደ ቀኝ ግሩም ናት፣ ወደ ግራ ግን ታምፃለች አለኝ። ከረጢቶቹን አስቀምጬ መልሼ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። ብረቱ ጫፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ሲያለሳልሰው አንዱ ያጠነክረዋል፤ ሦስቱንም ሞከርኩ። ያው ነው። ብረቱ ጠማማ ነው ብዬ ለሻጩ መለስኩለት። ሰውየው ሳይከራከር ሌላ ላከልኝ። አሁንም ያው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብረት ስወቅስ ከረምኩ። በአራተኛው ትዕግስቴ አለቀና ጋራዡ ሰው በሞላበት፣ ችግሩ ከመሪው ኋላ የተቀመጠው ሰው ነው አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በነገር ወግቶኝ ሰዉን ሁሉ ያስቅብኝ ነበር። ያን ቀን፣ ሳይሆን አይቀርም አለና ወጥቶ በሩ አጠገብ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ዱባ፣ እማዬ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

በማግስቱ ከረጢቶቹን አውርጄ እስቲ ራስህ ተቀመጥ አልኩት። ሥራ አለብኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ጃኬቱን ለብሶ መጣ፤ እኛ በዚያ ሙቀት የቱታችንን እጅጌ ወገባችን ላይ አስረን ነው የምንሠራው። ገብቶ ተቀመጠ። ከሥር ተጋድሜ ብሎኗን ገፋሁ፣ አልገባችም። ከጎማዎቹ ሥር ያሉትን ሚዛኖች አየሁ፤ ከከረጢቶቹ በአሥራ ሦስት ኪሎ ያንሳል። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ እኔ ወጣሁበት፤ እኔን ልክ ነው የሚለው፣ ያውም ያለ ይሉኝታ። ውረድና አንተ ቁምበት አልኩት። ስልሳ አንድ። ሲወርድ ጃኬቱ ውስጥ ብረት ከብረት ተንኳኳ።

ያን ጠዋት ትልልቆቹ መፍቻዎች ከሰሌዳው ላይ ጠፍተውብኝ ስፈልጋቸው ነበር። ሦስቱ በቀኝ ኪሱ፣ ሁለቱ በግራው። አንድ በአንድ አውጥቼ በየቦታቸው ሰቀልኳቸው። አራት ኪሎ ነበሩ። 

ከዚያ በሩን ዘጋሁና አወራን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የት እንደሄደ፣ ማን ምን እንዳለው ነገረኝ። እሱን አልጽፍልሽም። እማዬን በል አለኝ፤ እማዬን አልኩ። ለሷ አንዲት ቃል አልተነፍስም በል አለኝ፤ አልኩ። ደስታዋን አይቼ ልጨርስ፣ ሰርጉ ይለፍ አለኝ። በስምሽ የማልኩትን ለአንቺው በምጽፈው ወረቀት ላይ አላፈርስም። ብረት ብረቱን ነው የነገርኩሽ።

አላለቀስኩም፣ እማዬ።  የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ጥርስ ሲነቀል ድድ እንደሚደነዝዘው ነው የሆንኩት፤ መንጋጋዬ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስነካው ግን የሌላ ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ በላሁ። ደንበኛ መጣ፣ ፍሬኑን አስተካከልኩለት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ቤቴ ገብቼም ተኛሁ፤ እንቅልፍ እንኳን አልከለከለኝም። በራሴ አፈርኩ፣ ከዚያ ማፈሩም ተወኝ። እስካሁን እንደዚያው ነኝ፣ ለማን እንደምናገረው ስለጨነቀኝ ነው ለአንቺ የምነግርሽ።

ዱባ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዋን በአሁኑ ልኩ እንዳስተካክልለት። ከረጢቶቹን ፈታሁና በጣሳ እየጨለፍኩ አሸዋውን ወደ ባልዲ ገለበጥኩ። አሥራ ሰባት ኪሎ። ባልዲው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አሁንም በሩ ሥር ነው ያለው። ሰዉ ሁሉ ሲጋራውን ያጠፋበታል፤ ተዉ ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱን ሊጠይቁኝ ነው።

የብረቱን ጫፍ ከእግሯ ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ በአዲሱ ልክ አስረዘምኩ፤ ብሎኗ በጣት ገባች። ዱባ ወጣና ነዳት፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እኩል ታዘዘችው። ተመልሶ ጣሪያዋን ቸብ ቸብ አደረገና ይቺ ናት መኪና አለ። በል አሁን ያን ጠማማ ያልከውን ብረት ይቅርታ ጠይቀው አለኝ። ሳቅን። ያ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ባለፈው ዓርብ ለውድድር ስናዘጋጃት ደግሜ አስቀመጥኩት። ብሎኗ እምቢ አለች። እሱ ከላይ ሆኖ ገባች ወይ ይለኛል፤ ገባች አልኩት። ከሄደ በኋላ ማያያዣውን እንደገና አስረዘምኩ፣ ከከረጢቱም ሁለት ኪሎ ቀነስኩ።

የሚቆጨኝን ልንገርሽ። ዱባ ራሱ በየቀኑ ፊቴ ነበር። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼዋለሁ። ምስማሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ዘነጥክ ብዬም ቀልጄበታለሁ። ያመንኩት ግን ከረጢቱን ነው። አንቺ ብትሆኚ ገና በር ላይ ሲደርስ በዓይንሽ ለክተሽው ነበር።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ዱባ፣ የድሮው ልኬ ደብተሯ ላይ አለ፣ በዚያው ትስፋ ብሎኛል። ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ ሰማንያ አራት የሚለውን ማለቱ ነው። በዚህ ግን አልማልኩም። ስትሸኚኝ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽልኝ ሜትር አለኝ፤ ትናንት የውድድር ቱታ ላዝዝልህ ብዬ ክንድህን አንሳ አልኩት። ሁለቱንም አነሳ፣ እንደ ልጅነቱ። ሜትሩ ብብቱ ሥር ሲያልፍ ኮረኮረውና ሳቀ። ከዚያ ጫፉ ላይ በሰማያዊ ክር የሰፋሽውን ምልክትሽን አየ። በጣቱ ዳሰሰው። የማን ሜትር እንደሆነ አውቆታል፣ ቱታውም ለሰበብ መሆኑ አልጠፋውም። ቆሞ አስለካኝ። ስንት ሆነ አላለኝም፣ እኔም ጮክ ብዬ አላነበብኩም።

ስለዚህ እማዬ፣ ወንድ ልጅ ይወፍራል እያልሽ ሁልጊዜ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ትተዪለት ነበር። ዘንድሮ አትተዪ። ልብሱንም ጨርሰሽ በፖስታ አትላኪው። በነጭ ክር ወስውሰሽ ብቻ ራስሽ ይዘሽው ነይ፤ የመጨረሻውን ስፌት እዚህ፣ ገላው ላይ አይተሽ ትሰፊዋለሽ። ሰርጉ አራት ወር አለው። አንቺ አራት ወር አትቆዪ፣ ሳምንትም አትቆዪ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። ሲከፍትልሽ ልብስ ላስሞክርህ መጣሁ በይው። እኔ ጻፈልኝ እንዳትይ። ሌላ ነገር ካለ ራሱ ይነግርሻል፤ አንቺ ፊት ቆሞ መፍቻ ኪሱ ውስጥ መደበቅ አይችልም። አንቺ ከመጣሽ ምናልባት እኔም አለቅሳለሁ።

እሱ ሳይመለስ ፖስታ ቤት ልድረስ። እነዚያን ዓይኖችሽንና ጣቶችሽን አምላክ ይጠብቅልኝ፣ መንገዱንም የሰላም ያድርግልሽ። ጉልበትሽን፣ ያመመሽን ጭምር፣ ሳምኩ።

ትልቁ ልጅሽ

የኔ ልክ፦ ትከሻ 47፣ እጅጌ 63፣ ደረት 104፣ ወገብ 98፤ አትሳቂ።

የዱባ፦ ትከሻ 45፣ እጅጌ 62፤ እነዚህ እንደ ድሮው ናቸው፣ አጥንት ስለሆኑ። ደረት 82። ወገብ 66። አልተሳሳትኩም፣ እማዬ። ሦስቴ ለክቼዋለሁ።