ሦስተኛው ሽማግሌ ከባሕር ሲመለስ

ሰኞ፣ ጥር 8፣ 1987። ጧት 1 ሰዓት

ሻንጣ፦ ሁለት ሱሪ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሙቀት መለኪያ፣ አንተ። ደብተሬ፣ አደራህን እንዳትርስብኝ።

ጊጊሪ ሰፈር ያለው መ/ቤታችን ከላሙ ወደብ ወዲያ አንዲት ደሴት ላይ የክትባት ፍሪጅ አለው። አልቀዘቅዝ ብሏል። ጠጋኙ እኔ ነኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። የደብረ ብርሃን ልጅ ባሕር ምን ይሠራለታል?

ግን እሑድ በ8 ሰዓት እዚህ ናይሮቢ መገኘት አለብኝ። የግድ። ጓደኛዬ ግርማ ለተብርሃንን ለማግባት ሽማግሌ ይልካል። እዚህ አገር ሽማግሌ እንደ ልብ አይገኝም፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ቢሆንም ሽበቴ ታይቶ ተመረጥኩ። ባለፈው ቀጠሮ የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ የዚህ አገር ታክሲ፣ መንገድ ላይ ቆሞብኝ ቀረሁ። የልጅቷ አባት አቦይ ወልዱ፣ የምጽዋ ሰው፣ ሁለት ሽማግሌ ብቻ ሲመጣባቸው ተናደዱ። በሚቀጥለው ሦስታችሁም ካልመጣችሁ ደጄን እንዳትረግጡ ብለዋል። ጥፋቱ የኔ ነው። ግርማ ዛሬ ሲሸኘኝ አልሳመኝም፤ አስማለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 10። ላሙ

ሁለት ቀን አውቶቡስ። ወገቤ የኔ አይደለም። ጀልባ ዛሬ የለም፣ ነገ። ሰው ሁሉ ሽበቴን እያየ «ሙዜ» ይለኛል። ሽማግሌ ማለት ነው። እዚህም ሾሙኝ!

ባሕሩን አየሁት። ትልቅ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 11። ጀልባ ላይ

ጥምቀት። ነፋሱ ካስካዚ ይባላል፤ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። የበላሁትን አስመለስኩ። ያልበላሁትንም። አለቀስኩ። ለማንም እንዳትነግር።

4 ሰዓት። ውሃው ሄደ። ቀልዴን አይደለም፣ ሄደ! ጀልባዋ ጭቃ ላይ ቁጭ አለች። ባለጀልባው ሙዜ ባካሪ ተጋደመ። ባሕሩ የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው በየቀኑ ሄዶ ይመጣል አለኝ፣ ገበያ እንደ ወጣ ጎረቤት። የአገሬ ሰው ዛሬ ጠበል ለመረጨት ይጋፋል፤ እኔ ባሕር መሃል ውሃ አጥቼ ተቀምጫለሁ።

10 ሰዓት። መጣ። ማስመለሴም አብሮት መጣ።

ስእለት፦ በሰላም ቤቴ ከገባሁ ዳግመኛ ጀልባ ላይ አልወጣም። ብወጣ እግሬን ይስበረው።

አርብ፣ ጥር 12። ደሴቷ ላይ

ጉድ ነው! ፍሪጁ ጤነኛ ነው። አንድ እግሩ አሸዋው ውስጥ ሰምጦ ዘሟል። የላምባ ፍሪጅ ካዘመመ አይቀዘቅዝም። ጣውላ ወሸቅኩለት። አለቀ። የአራት ቀን መንገድ ለአንድ ቁራጭ ጣውላ። የክሊኒኩ ነርስ ግን ጥበበኛ አለችኝ፤ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። መቀዝቀዙን ሳላይ መሄድ አልችልም። ግርማዬ፣ ጸልይ።

ቅዳሜ፣ ጥር 13

5 ዲግሪ! ተመስገን። ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ነፋሱ አሁን ከኋላ ነው፣ በረርን። ሙዜ ባካሪ አንድ ዘንቢል የደረቀ የሻርክ ዓሣ ሰጠኝ። የሽማግሌ ስጦታ እምቢ አይባልም። ጠረኑ ግን… ሌሊቱንም የሚጓዘውን አውቶቡስ ለጥቂት ደረስኩበት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ። ቀጥሎ የተቀመጠውም።

እሑድ፣ ጥር 14። ምሽት

ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ። 7 ሰዓት ተኩል ገባሁ። ግርማ ኮት ይዞ ጣቢያው ላይ፤ ሊያቅፈኝ መጥቶ አፍንጫውን ያዘ። ለመታጠቢያ ጊዜ የለም። ዘንቢሉን ጣለው አለኝ፤ ስጦታ አይጣልም አልኩት።

አቦይ ወልዱ ቤት። ግርማ ውጭ ቀረ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ስለዚህ ቆምን። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ንግግር ጀመሩ፣ ከአዳምና ሔዋን። እኔ ግን ወለሉ እንደ ጀልባው ይወዛወዝብኛል! ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም። ሰክሮ መጣ ሊሉ ነው። አቦይ ወልዱ እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ታደሰ አቆሙ። ግርማዬ፣ ጉድ ሠራሁህ አልኩ በሆዴ።

በከዘራቸው እያነከሱ መጡ። አሸተቱኝ። ዘንቢሉን ገለጥ አደረጉ። በየትኛው ነፋስ ሄድክ አሉኝ። በካስካዚ። አለቀስክ? ሽማግሌ አይዋሽም፤ አዎ አልኩ። ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና እንባቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን ወደብ ላይ የኖሩ ሰው፣ ከምጽዋ ከወጡ ወዲህ ባሕር አላዩም። እግራቸው ታሟል፤ የሚወስዳቸው የለም። አንጀቴን በሉት።

ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ። ጋሽ ታደሰ ገና ኖኅ ላይ ነበሩ፤ ትንሽ አኮረፉ። ጓዳ ውስጥ አንድ ሰው እልል አለ። ግን አንድ ነገር አለኝ አሉ አቦይ ወልዱ፦ ከሠርጉ በፊት ይሄ ሽማግሌ እኔን እዚያች ደሴት ያደርሰኛል። በጀልባ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ» አልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ወደቅኩ።

ሰኞ፣ ጥር 15። ቢሮ

የሐሙሱን ስእለት ሰርዤዋለሁ። አላየህም፣ አልሰማህም።

ለአለቃዬ ሪፖርት፦ «ፍሪጁ በደንብ ይሠራል።» እሱንም ሰረዝኩ። «ጣውላው በቅርቡ መታየት አለበት። ጠጋኙ ራሱ ቢሄድ ይሻላል፤ ብቻውን ግን አይችልም። ረዳት ያስፈልገዋል። ረዳቱ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከዘራ ይይዛሉ፣ ነፋስ ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ።»