የለቅሶ ጥሪያችንን ከቆሻሻ ለሚደምሩት ኃላፊ

ሐረር፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ የታላቁ የኢሜይል ድርጅት የመልእክት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ እንቅልፍ የማያውቀው ማጣሪያዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ ይብዛ። እኔ ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ።

መርዶው የደረሰኝ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ሳይነጋ በሬን ስከፍት ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ስላየኋቸው፣ ማንም ሳይናገር ገባኝ። ልጄ ኪሩቤል ከድሬዳዋ ሲመለስ ደንገጎ ላይ መኪናው ተገልብጦ አረፈ።

ኪሩቤል በሐኪም ጋራ ሰፈር ባለው የዕድራችን ቤት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አቁሞ ኢሜይል መላኪያ አድርጓት ነበር፤ ሰርቨር ይላት ነበር። አባሎቻችን መምህራንና ወታደሮች ስለሆኑ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ አገር ይመደባሉ፤ የዕድሩ ጡሩምባ ደግሞ ከሰፈር አያልፍም። ስለዚህ ሰው ሲሞት ጥሪው በእርሷ በኩል ለተዛወሩት ሁሉ ይላክ ነበር። የኪሩቤል የራሱ ጥሪ ሲላክ ግን እናንተ ዘንድ ቆሻሻ ካላችሁት ሳጥን ገባ። ስለ ጥንቃቄዎ እያመሰገንሁ ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ኒቆዲሞስ ክፍልዎን ቢጠይቁ፣ ላኪው ስም ስላላተረፈ ሳያቋርጥ በየጊዜው ቢልክ ይታመናል የሚል መልስ ደረሳቸው። መልካም ምክር ነው። እኛ የምንልከው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ፣ ስማችን እንዲታመን በየሳምንቱ ማን ይሙት የሚለውን ጉዳይ ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርበናል፤ እስካሁን ፈቃደኛ አልተገኘም።

2ኛ. አንድን ቃል ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ ያስጠረጥራል ብለዋል። ለእያንዳንዱ ተቀባይ ሌላ ሌላ አሟሟት እንድንፈልግለት ከሆነ ያሳውቁን። አቶ ኒቆዲሞስ እናንተው ዘንድ አዲስ አድራሻ ከፍተው ቢልኩም በዚያው ቀን ተዘግቶባቸዋል።

3ኛ. አቤቱታ የሚቀበሉት ከሰርቨሯ ባለቤት ብቻ ነው። ባለቤቷ ልጄ ነው፤ ራሱ እስኪጽፍልዎ ድረስ ትንሣኤ ሙታንን አብረን እንጠብቃለን።

4ኛ. ተቀባዮቹ መልእክቱን ከቆሻሻው ሳጥን ያውጡት ብለዋል። አውጡት ለማለት መጻፍ አለብን፤ የጻፍነውም እዚያው ይገባል።

ከእናንተ ወደ እኛ የሚመጣው ግን አንድም አይጠፋም። ብሩክ የሚባል የልጄ አብሮ አደግ፣ አርባ ምንጭ የተመደበ መምህር፣ ባለፈው ሳምንት ለኪሩቤል ጽፏል። «አንተ ኩሩ፣ ምን አስቀይሜህ ነው ዝም ያልከኝ? ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ፊትህን ስታዞርብኝ አያለሁ» ይላል። አቶ ኒቆዲሞስ አንብበውልኝ መነጽራቸውን አወለቁ። መለስንለት፤ አልደረሰውም። ትናንት ደግሞ ላላጠፋው ጥፋት ይቅርታ እየለመነ ጻፈ። ቁጥሩ የነበረው ከልጄ ጋር በጠፋው ስልክ ውስጥ ነው። ይህ ልጅ ጓደኛው ያኮረፈው መስሎት፣ እየሳቀ ሊታረቅ ቤቴ ይመጣል፤ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ሌላውን ሁሉ ትቼልዎታለሁ፤ ለብሩክ የጻፍነውን መልስ ብቻ ያሳልፉልኝ።

ለሥራዎ ብርታትን፣ ለማጣሪያዎ ልብን እየተመኘሁ፣ ከደጃፍዎ ቆሜ እጅ የምነሳ አክባሪዎ፣

ጽጌ ሀብተወልድ
የኪሩቤል እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚህ ጋዜጣ ያወጣሁትን ይህንኑ ደብዳቤ አቶ ኒቆዲሞስ በኢሜይልም ልከውልዎታል፤ የት እንደሚገኝ እርስዎ ያውቃሉ። አንባቢዎች ሆይ፣ አርባ ምንጭ ያላችሁ ብሩክን ካወቃችሁት፣ ይህን ጋዜጣ ብቻውን አያንብበው፤ አጠገቡ ተቀመጡለት። ሁላችሁም ደግሞ ልጄን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ ነው።