ብቻውን የሚበላ የለም

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ፤

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ቁልቁለቱን ቻለልሽ? አባባስ እንዴት ናቸው፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ደብረ ታቦር ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ጋቢሽን ደርቢ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው። በስልክ "ደህና ነኝ" ስልሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ይህቺን ደብዳቤ ወደ እናንተ በሚመጣው በገብረመስቀል እጅ ልኬልሻለሁ። ታናሼ ኢያቄም ያንብብልሽ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

ካዛንቺስ ብዙው ሰፈር ፈርሶ ጎረቤቱ ተበትኗል። እኔ በተከራየሁበት ግቢ የቀረውም ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚውል። የመጣሁ ሰሞን እንደ ቤታችን በሬን ከፍቼ እየበላሁ የሚያልፈውን ሁሉ "እንብላ" እል ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ ያልፋሉ። በኋላ አከራዬ እትዬ አምሳለ፣ በር ከፍቶ መብላት ሌባ መጥራት ነው አሉኝ። ዘጋሁት።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኡራኤል አጠገብ ባለው ኮሌጃችን መምህርት ኩልሱም በየሳምንቱ በኢንተርኔት ከፊንላንድ ተማሪዎች ጋር ያገናኙናል። እነሱ ባህላቸውን ይነግሩናል፣ እኛም የእኛን። ስለ ማዕድ የመናገሩ ተራ ለእኔ ደረሰ። ምን ልበልሽ፣ አፌ ተፈታ! እኛ አገር ብቻውን የሚበላ የለም፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው፣ ጉርሻ አለ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንላለን አልኳቸው። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ።

ሄልሚ የምትባል ልጅ ግን እጇን አውጥታ፣ ዛሬ ምሳሽን ከማን ጋር በላሽ ብላ ጠየቀችኝ። ክፋት የለባትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው። መዋሸት አቃተኝ። ብቻዬን አልኩ። ትናንትናስ? ትናንትም። የእኛ ልጆች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። እናቷ ሆስፒታል በፈረቃ ስለሚሠሩ እሷም ብቻዋን እንደምትበላ፣ እኔ ሳወራ የእኛ አገር ሰው በሆንኩ ብላ ስትመኝ እንደነበር ነገረችኝ። አፈርኩ፤ ስልክ ቁጥሬንም ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ሳህናችንን ይዘን በስልክ እየተያየን እንበላለን። አንድ ቀን ዘንግቼው ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ስልኩ ዘረጋሁ፤ እሷ ደግሞ አፏን ከፈተች! ሳቅን፣ ሳቅን። በኋላ ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት እማዬ። ብቸኝነት እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እህቴ ልደት ፈተናዋ እንዴት እንደሆነ ትጻፍልኝ። ኢያቄም ከትሪው በእኔ በኩል ያለውንም እየጠረገ ነው አሉ፤ ተዉት፣ ይብላ። ጎረቤታችንን እትዬ አሰፋሽንም ሰላም በይልኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሜ ምሳ ስትቀርቡ ደውሉልኝና ስልኩን ከትሪው አጠገብ አስቀምጡት። አጫውቱኝ አልልም። አባባ ሲባርኩ፣ ልጆቹ ሲሻሙ ልስማ። እኔም ሳህኔን ይዤ እቀመጣለሁ። ዝም ካልኩብሽ ደግሞ፣ እማዬ፣ ተቆጥተሽ "ብዪ እንጂ!" በዪኝ።

ልጅሽ ፀሎት
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.