አስተርጓሚ ያላስፈለገው ሽምግልና

ሰጡን! እሺ አሉ፤ ኤስቴላን ለልጄ ለማኒዶንግ ሰጡን! ሰላምታው ይቆየኝ፣ የካርያግ እናት፤ መጀመሪያ ይሄንን ስሚ።

ከኛ ደሴት ባሕር ተሻግረን እዚህ ኢትባያት ደሴት ለሽምግልና ስንቀመጥ የልጅቷ እናት ፍሎሬንሲያ ዓይኗን ከምትልጠው ቦዬ ላይ አላነሳችም። የመንግሥታችንን ቻይንኛና የመንግሥታቸውን ታጋሎግ የሚችለው አስተርጓሚያችን ቃሉን ቢያሳምር ቢያሳምር፣ "አይሆንም" አለች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞር ብላ በደሴቷ ቋንቋ፣ "ልጄ ባሕር ማዶ ሄዳ ከማን ጋር ልታወራ ነው? ዲዳ ሆና ልትቀር!" ስትል አስተርጓሚው ምንም አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ! በኛው በደሴታችን ቋንቋ፣ "ከእኔ ጋር ነዋ! እኔ እንደሆንኩ አፌ አይከደንም!" አልኳት።

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ የኔን ቋንቋ ማን አስተማረሽ?"

"እናቴ ናታ!"

ከዚያማ ማን ያቁመን! እናት ኢና፣ ቤት ቫሃይ፤ እነሱም እንደኛው ነው የሚሉት። ያልተግባባነውን በእጃችን ሞላነው። አስተርጓሚው ጥግ ይዞ አንቀላፋ። ቤታቸውም እንደኛው የድንጋይ ነው፤ የኛ ከባሕር ዐውሎ ነፋስ ሸሽቶ መሬት ውስጥ ሲገባ የነሱ ግን ቀጥ ብሎ ይጋፈጠዋል፣ ልክ እንደ ፍሎሬንሲያ።

ልጆች ሳለን በቻይንኛ ፈንታ በዚህ ቋንቋ ስላወራን አስተማሪው ለቅጣት አንገታችን ላይ ሰሌዳ ያንጠለጠለብን ትዝ ይልሻል? ዛሬ ያው ቋንቋ ምራት አመጣልኝ፤ እንዴት አልኩራ!

የስልኩ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው። ካርያግን ሳሚልኝ፣ ለአባቱም ሰላም በይልኝ። ሰርጉ የበራሪ ዓሣው ወራት እንዳለቀ፣ በመጀመሪያው ሙሉ ጨረቃ ቀን ነው፤ መንደሩ በሙሉ እዚያው የኛ ኢራራላይ ባሕር ዳር ይምጣ፣ አንድ ሰው እንዳይቀር!