በትልቅ ጫማ የወጣችው ሴት

ታዴ ሆዴ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ደህና ነኝ፤ እንዳትጨነቅ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው የምነግርህ። ከተማችን ሄንደርሰን ያው ናት፣ ሙቀቷም ያው። ልጃችን ሜሮን ሥራ ቀይራለች፤ ሺፍቷ ቀን ስለሆነ ራት አብረን እንበላለን። መኪናህን እሷ ናት የምትነዳው። መጀመሪያ መቀመጫውን ወደፊት ስታስጠጋው ከፋኝ፤ በኋላ ለመድኩት።

የምጽፍልህ ግን ስለ ግጥምህ ነው። ሩሲያ ስትማር የወደድከው ያ ገጣሚ በሥራህ ሁሉ አለ እያሉ ጓደኞችህ ሲያበሽቁህ፣ ከሱ ተማርኩ እንጂ አልሰረቅኩም ትላቸው ነበር። እኔን ያስከፋኝ አንዱ ግጥምህ ነው። በበረዶ ውስጥ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ የተዘጋ በር፣ ከዚያ በሩን ከፍታ ትልቅ የወንድ ጫማ እየጎተተች የምትወጣ ሴት። እዚያ ትተሃት የመጣህ ሩሲያዊት መሰለችኝ። አንድ እሁድ እንግዶች ፊት ልታነበው ስትነሳ፣ ሩሲያዊቷን ለብቻህ አንብባት አልኩህ። ሰው ሳቀ። አንተም ሳቅህና ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ከተትከው። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ግጥም አላነበብክም፤ እኔም አንብብልኝ አላልኩህም። ይህ ነገር ስንት ዘመን ውስጤ ተቀምጦ ኖረ።

ከፋሲካ በኋላ ሜሮን የገጣሚህን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አመጣችልኝ፤ በአንዱ ገጽ ሩሲያኛው፣ በሌላው እንግሊዝኛው ያለበት። እንግሊዝኛዬን ታውቀዋለህ፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ የከበደኝን እሷን እየጠየቅኩ አነበብኩ። በረዶውን አገኘሁት፤ የሚመለሰውን ሰውም፣ የተዘጋውን በርም። ሴትዮዋን ግን አጣኋት። የሱ ሰው አንኳኩቶ፣ ማንም ሳይከፍትለት ዞሮ ይሄዳል፤ ግጥሙ እዚያው ያበቃል።

ያንተን አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት። በረዶውን ከሱ ወስደሃል፣ አጫጭሩን ስንኝም፣ ዝግ ያለውን አካሄድም። በሩን ያስከፈትከው ግን አንተ ነህ። ታዴ፣ ሲነጋጋ ከካዚኖው የሌሊት ሥራህ ስትመለስ መኪናህን ፓርክ እንድታደርግ የቆሻሻ መጣያውን ከበራችን ላነሳልህ የምወጣው እኔ አልነበርኩም? በጥድፊያ ያንተን ሰፊ ጫማ አጥልቄ?

ብቻዬን ሳቅኩ። ሜሮን ምን ሆንሽ ብላ መጣች። ስነግራት፣ አባዬ እኮ ለገጣሚው መልስ ነው የጻፈለት አለችኝ። አባባሏን ወደድኩት። ምናለ ብትነግረኝ ኖሮ ብዬ ተቆጣሁህ፤ ወዲያው ደግሞ መቼ አስወራሁህና አልኩ።

ለሁለተኛው ሙት ዓመትህ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አዳራሽ ሲሰበሰብ፣ ሜሮን የሩሲያውን ግጥም ታነባለች፤ ያንተን እኔ። ከማን እንደተማርክ ይስሙ፣ ምን እንደጨመርክበትም ይስሙ። እስከ መጨረሻው ስንኝ አነበዋለሁ።

ልብሶችህን ሰጥተናል። ጫማህን ግን አስቀርቼዋለሁ። መጣያውን ሳወጣ አጠልቀዋለሁ፤ እየጎተትኩት ወጥቼ፣ መንገዱን ትንሽ አይቼ እመለሳለሁ። እግሬ እስካወጣኝ ድረስ በሱ እወጣለሁ።

ያንተዋ
አልማዝ