ስድስቱም «አዲስ አበባ» ብለው መጡ

ዓርብ

ሰባት። ከኦሮሚያ ሃያ አንድ ዞን ሰባት! ስድስት ልጆች ተጋግዘው፣ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ ተንጨርጭሬ፣ ሰባት። ያውም ጅማን አፌ አምልጦኝ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

እትዬ ሞሚና በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። የማስተምርበት ክፍል የሳቸው ነው፤ አማን፣ ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር ከተከራዩት ምድር ቤት ሳሎኑን ለቀውልን ነው። ልጆቹ ሲወጡ ጠሩኝ።

«ሰዓዳ ልጄ፣ እናቶቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ የምታስጠና አግኝተናል ይላሉ። ያለኝ አንድ ክፍል ነው። ለሚቀጥለው ዓርብ መጥተው ይስሙ። ልጆቹ ኦሮሚያን ካወቋት ትቀጥያለሽ፤ ካላወቋት ለዚያችኛዋ ልስጥ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ልጻፈው። ጅማ ላይ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። እዚህ ሳምንቱን ሙሉ በሰዓት ቤት አጸዳለሁ። «ሚስ» የምባለው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። እሷንም ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ቅዳሜ

ስዌፍየህ ሰፈር፣ የአራት ፎቅ ደረጃ። እየወለወልኩ ሳሰላስል ዋልኩ።

ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። አሥራ ሁለቱን የጆርዳን ሙሓፈዛ፣ ክፍለ አገሮቹን ማለቴ ነው፣ ኢርቢድ፣ ዘርቃ፣ ከረክ እያሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፉታል። የሚኖሩበት አገር ነዋ። ኦሮሚያ ግን ጆርዳንን ከሦስት እጥፍ በላይ ትበልጣለች፤ ወለጋ ብቻ አራት ነው፦ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ቄለም፣ ሆሮ ጉዱሩ። አማን ለተወለደ ልጅ ይሄ የስልክ ቁጥር እንደመሸምደድ ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብልጭ አለልኝ። እያንዳንዱ ልጅ የእናቱን ዞን ይያዝ! ባለቤት ይሁን። ከዚያ ጎረቤቱን ያጥና፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። ደረጃም የሚጸዳው እንዲሁ ነው፤ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ቀጣዩ ትወርጃለሽ እንጂ አትዘይም። በደስታ ባልዲውን ልደፋው ምንም አልቀረኝ።

ለእናቶቹ ግሩፕ በድምፅ ላክሁ፦ «ልጆቹ የእናታቸውን የትውልድ ቦታ ጽፈው፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።»

እሑድ

ስድስት ፎቶ ደረሰኝ። አዲስ አበባ። አዲስ አበባ። አዲስ አበባ። ስድስቱም!

ጎበዞች ናቸው፤ የእናታቸውን ፓስፖርት ከፍተው ገልብጠዋል። ሰርቪስ ታክሲው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት ገላመጠኝ። የኔስ ፓስፖርት ምን ይላል? አዲስ አበባ። ደላላው ቅጹን ሲሞላ ለሁላችንም አንድ ከተማ ሰጠን። ለኔ ሦስት ዓመት ቀነሰልኝ፣ ለሌላዋ ስምንት ጨመረላት፣ ጨረሰ። እንደዚህ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት «ጽፈው ይላኩ» እላለሁ? ደንቆሮ!

ነገ አንድ በአንድ እደውላለሁ። እናቶቹ በአፋቸው ይንገሩኝ።

ሰኞ

የአምስቱ ተገኘ፦ አርሲ፣ ባሌ፣ ጅማ (የኔዋ!)፣ ኢሉ አባቦር፣ ምሥራቅ ሸዋ። የባሌዋ «ዞንሽ የት ነው?» ስላት ሃያ ደቂቃ ስለ ሰፈሯ ገብስ አወራችኝ። መዳሟ እየጠራቻት «ሐዲር፣ እሺ መዳም» ትላለች፣ ወሬዋን ግን አታቆምም።

የቀረችኝ ዘሃራ ናት፣ የነዋል እናት። ነዋል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከስድስቱ ቀልጣፋዋ እሷ ናት፤ ባለፈው ከሰባቱ አምስቱን የመለሰችው እሷ ነች።

«ፓስፖርቴ አዲስ አበባ ይላል። አዲስ አበባ በያት» አለችኝ ዘሃራ።

«ዘሃሪዬ፣ ለልጅቷ እኮ ነው...»

«አንቺ ፖሊስ ነሽ? ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳ ሌላ ብታወራ፣ ለኢቃማው፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወረቀቴን ቢመረምሩት አንቺ ትደርሽልኛለሽ? ኸላስ፣ በቃ! ነዋል ከእንግዲህ አትመጣም።» ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እኔም ተናደድኩ። ሻይ አፍልቼ ስቀመጥ ንዴቱ ወደ እፍረት ዞረ። ዘሃራ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሃያ አራት ተብላ ነው የመጣችው። «ከአዲስ አበባ ሌላ ስም ከአፍሽ ቢወጣ ትታሰሪያለሽ» ብለው ደላሎች አስፈራርተው የላኳት ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚሰማው ግሩፕ ላይ ጥያቄውን ዘርግፌው ቁጭ አልኩ።

ማክሰኞ

ኡም ኡዘይና ሰፈር። መዳም ለወለል መወልወያ ብላ አሮጌ አንሶላ ሰጠችኝ። የምን ወለል! ካርታ ሆነልኝ። ከሥራ ስመለስ መሬት ላይ አንጥፌ በወፍራም ማርከር ሣልኩት። ቦረናን አሳነስኳት፣ ይቅር ትበለኝ። አዳዲሶቹን ምሥራቅ ባሌንና ምሥራቅ ቦረናን አገር ቤት ያለው ወንድሜ በስልክ አረጋገጠልኝ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ያምራል።

ረቡዕ

አምስቱን ልጆች ሰበሰብኩ። ጫማ አውልቀው አንሶላው ላይ ቆሙ፣ እያንዳንዱ በእናቱ ዞን። የባሌዋ የአርሲዋን «ጎረቤቴ አይደለሽ? ሰላም አትይኝም?» አለቻት። ተቃቀፉ፣ ተገፋፉ፣ እትዬ ሞሚና «ቀስ!» አሉ።

አሥራ ስምንት!!! ጎረቤት ለጎረቤት እየተቀባበሉ፣ ሳያዩ፣ ሳይጠየቁ፣ አሥራ ስምንት ዞን።

የሚዘሉት ሁለቱን ሐረርጌዎችና ጉጂን ነው። በዚያ በኩል ማንም የቆመ የለማ። የነዋል ቦታ ባዶ መሆኑ አንጀቴን በላው።

ሐሙስ

ዘሃራ በር ድረስ ሄድኩ። ለመለመን ሳይሆን ይቅርታ ለመጠየቅ።

«ሳላማክርሽ ግሩፕ ላይ መጠየቄ ጥፋቴ ነው። ዞንሽን አልጠይቅሽም። ነዋል ካርታው ላይ አዲስ አበባን ትያዝ፣ መሀል ላይ ናት። ብቻ ልጅቷን አትከልክያት።»

ነዋል ከኋላዋ ቆማ ዓይኗን ታንከራትታለች። ዘሃራ «ግቢ እልሽ ነበር፣ ሥራ አለብኝ» ብላ በሩን ገፋ አደረገችው። አልዘጋችውም፣ ገፋ ነው ያደረገችው። ይህን ለጥሩ ልውሰደው ወይስ ለመጥፎ?

ዓርብ

ደስታው ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

እናቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እትዬ ሞሚና ወንበር ላይ፣ እንደ ዳኛ። ነዋልም ዘሃራም የሉም። ልጆቹ ጀመሩ፦ ጅማ፣ ቡኖ በደሌ፣ ኢሉ አባቦር፣ አራቱ ወለጋ እንደ ውኃ! ሸዋዎቹ፣ አርሲዎቹ፣ ባሌዎቹ፣ ቦረናዎቹ። ምዕራብ ጉጂም መጣ፣ ጉጂም መጣ። አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ቆሙ። እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ እናት ለጎኗ ስታንሾካሽክ አየሁ።

በሩ ተከፈተ፤ ነዋል ናት፤ ከውጭ ሆና ስትቆጥር ቆይታለች መሰለኝ። ጫማዋን በቅጡ እንኳ ሳታወልቅ አንሶላው ላይ ዘልላ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ሮጠች።

«ምዕራብ ሐረርጌ! ከተማዋ ጭሮ! ጎረቤቷ ምሥራቅ ሐረርጌ! ሃያ አንድ ሞላ ሚስ!»

ዘሃራ በሩ ላይ ነበረች። ሁሉም ዞሮ አያት። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለች፣ «ጭሮ ነው የተወለድኩት። ወረቀቱ የራሱን ያውራ።»

እትዬ ሞሚና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔም አዲስ አበባ ነው የሚለው። እኔ አዲስ አበባን ያየሁት ከአውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ በመስታወት ነው።» ሳቁ ፈነዳ። «የኔም!» «የኔም!» አሉ እናቶቹ። አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ፣ ማንም አልሰማውም።

ክፍሉ የኔ ነው። እትዬ ሞሚና ፈረዱ፤ የሒሳቧ አስጠኚ ከኔ በፊት ያለውን ሰዓት ትወስዳለች። እናቶቹ ግን መቼ ወጡ! አንሶላው ላይ ተንበርክከው ሰፈራቸውን በጣት ሲያሳዩ፣ አርሲዋና ባሌዋ በድንበር ሲጨቃጨቁ፣ ልጆቹ «ያላ፣ እንሂድ!» እያሉ ጎትተው አስወጧቸው። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ዘሃራን ደረጃው ላይ ያዝኳት። «ነዋል እሑድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ብትናገርስ?» አልኳት።

ነዋል ቀድማን እየዘለለች ትወጣለች፣ ዞኖቹን ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ዘሃራ በዓይኗ ተከተለቻት።

«ትናገራ» አለች። ፈርታለች፣ ያስታውቅባታል። ዝም በይ ግን አላለቻትም።